የይመር ቻይንኛ

በእኛ ከተማ ያልገባውን ሊያስረዳ የሚነሳ ሰው ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት አጭር አባባል ጣል አድርገው ዝም ያሰኙታል። ወጣቶቹ አባባሏ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። የምን ጥንት! እኔ እያየሁ፣ በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ባለ አንድ የክር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው የተወለደችው። ሰበቡም ይመር ሸጋው ነው።

ይመር የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመቱ ቻይና ሄዶ ለሁለት ዓመት ቋንቋ የሚማርበት ዕድል ወጣለት። ስንሸኘው በግ አረድንለት። በዚያ ዕድሜው ለትምህርት መነሳቱን የነቀፈ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ብርቱ ሰው ነው ብለን ነበር። እዚያ ሲደርስ ግን የክፍል ጓደኞቹ ልጆቹ የሚሆኑ ሆኑበት። መምህርቷ ደግሞ አንዱን ቃል አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ሰበር እያደረገች ተከተለኝ ትለዋለች። ቻይንኛ እንዲያ ነው፤ ድምፁ ሲነሳ አንድ ትርጉም፣ ሲወድቅ ሌላ ትርጉም አለው። ይመር ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። "ስንት ባለጉዳይ ደጅ ያስጠናሁ ሰው፣ ከሕፃናት ጋር አፌን ከፍቼ ላንጎራጉር?" ማለቱን ራሱ እንደ ጀብዱ አውርቶልናል።

ስለዚህ ክፍሉን ትቶ የአገራችን ነጋዴዎች ዕቃ በሚሸምቱበት ገበያ መዋል ጀመረ። እዚያ ደግሞ ቋንቋው የሒሳብ ማሽን ነው፤ ዋጋ ይጻፋል፣ ራስ ይነቀነቃል፣ አለቀ። ሁለት ዓመት የተባለው ሰው በስምንተኛው ወር አንድ ሙሉ ልብስና ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተነሳውን ፎቶግራፍ ይዞ ተመለሰ።

በሳምንቱ "ይመር ዓለም አቀፍ የቻይንኛ ማሠልጠኛ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። የቻይናዎቹ የክር ፋብሪካ አስተርጓሚዎች ሊቀጥር ነው ይባል ስለነበር ሃያ ስድስት ሰዎች ተመዘገብን። ይመር ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ይጽፋል፣ እኛ እንሸመድዳለን።

ከመካከላችን አንዷ ዘሀራ አሊ ነበረች፤ ሽንኩርት እያመረተች ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ የፋብሪካው ቻይናዊት ምግብ አብሳይ ዘሀራ ከሽንኩርቷ ጎን የምትሸጠውን ዝንጅብል ትገዛለች። ዘሀራ ከይመር የተማረችውን ብትሞክርባት ሴትዮዋ አንድም ቃል አልገባትም። በኋላ በእጇ አየሩን ወደ ላይና ወደ ታች እየቀዘፈች ታርማት ጀመር።

"መምህር፣" አለችው ዘሀራ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ "ይቺ 'ማይ' የምትባለው ቃል ከታች ስትጎተት መግዛት፣ ከላይ ስትወረወር መሸጥ ነች አሉ። እርስዎ ግን ሁለቱንም ባንድ ድምፅ ነው የሚሏት።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"የፋብሪካዋ ምግብ አብሳይ።"

"ወጥ ሠሪ!" ብሎ ሁላችንንም ዞሮ አየን። "እኔ ቻይና ተቀምጬ መጥቼ፣ አንቺ ከዝንጅብል ገዢ ተምረሽ ታርሚኛለሽ? ቋንቋ ነው የምትማሪው ወይስ መንዙማ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ዘሀራ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ከሴትዮዋ ጋር አየሩን መቅዘፏን ቀጠለች።

በሚያዝያ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና የተነቀለው ሽንኩርት መበስበስ ጀመረ። የደሴ ነጋዴዎች ችግራችንን አይተው ዋጋውን ሰበሩት። አሥራ አራት አምራቾች ተሰብስበን፣ ሽንኩርቱን ለፋብሪካው ሠራተኞች ምግብ ቤት እንሽጥ ብለን መከርን። ሼህ ሙሄ መሪያችን ሆኑ። የፋብሪካው አስተርጓሚ በዚያ ሰሞን ፈቃድ ላይ ነበር።

"እኔ እያለሁ አስተርጓሚ ትፈልጋላችሁ?" አለ ይመር። ዘሀራ እኔም ልሞክር ብትል "መምህር ባለበት ተማሪ አይናገርም" ብሎ አስቀመጣት።

ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ቻይናዊ፣ በአክብሮት ወንበር አቀረበልን። ይመር ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ መልሶ ጠየቀው። ይመር ያንኑ እየጮኸ ደገመለት፣ መስማት የተሳነው ይመስል። ሰውዬው ባዶ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር አለና ራሱን ነቀነቀ።

"ምን አለ?" አሉ ሼህ ሙሄ።

"ሽንኩርት አንፈልግም ነው የሚለው።"

አንዱ "በቃ፣ ከሚበሰብስ ለደሴዎቹ እንስጣቸው" ብሎ ሲነሳ ሌሎቻችንም ተነሳን።

"ቆዩ እስኪ!" አለች ዘሀራ። "እንደዚያ አላለም። 'እኛ ክር ነው የምንሠራው፣ የምንሸጥላችሁ ሽንኩርት የለንም' ነው ያለው። ልንገዛ የመጣን መስሎታል!"

"አፍሽን ዝጊ አንቺ!" አለ ይመር።

ዘሀራ ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ ያችን 'ማይ' የምትባል ቃል ከላይ ወረወረቻት። ሰውዬው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ስንት ኩንታል እንዳለን ጠየቀ፣ ነገረችው። በማግስቱ መኪና ልኮ ሊያስጭን ተስማማ። ሼህ ሙሄ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰውዬው በዚህ አላበቃም፤ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ዘሀራ ጨዋ ናትና ወደ ይመር ጠቆመች። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ወደ ይመር ዞረና ረጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀው።

"አዎ፣ አዎ" አለ ይመር በቻይንኛ፣ ፈገግ ብሎ።

ሰውዬው ጥያቄውን ደገመ።

"አዎ! በጣም አዎ!"

ዘሀራ አንገቷን ደፋች። ሼህ ሙሄ ጠጋ ብለው "ምንድን ነው የሚለው ልጄ?" አሏት።

"'የት ነው የተማሩት?' ነው የሚላቸው" አለች በቀስታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አልተርከውም። ይመር ሰላምታ ሳይሰጥ ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ የማሠልጠኛው ሰሌዳ ወረደ፣ እኛም ደብተራችንን ይዘን ወደ ዘሀራ ቤት ሄድን። የዚያን ቀን ግን ይመር ከፋብሪካው በር ሲወጣ ሼህ ሙሄ ጀርባውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ "ሳይማር ያስተማረ፣ በተማሪው አፈረ።"