የጉንጭ ማኅተም

ስንዱ ይህን ለባሏ እንኳ ነግራ አታውቅም፤ ትዝ ባላት ቁጥር በሐፍረት ታቀረቅራለች። የአንድ ኃላፊ ጸሐፊ ሳለች፣ አለቃዋ ቢሮው ውስጥ ሲተኛ ባለመኪና ከመጣ ቀስቅሳ ታስገባ ነበር። በእግሩ ለመጣው ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለዋለች።

አንድ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት መጡ። ጎጇቸው በማግስቱ እንዳይፈርስ ወረቀታቸው ላይ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

«ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እማማ።»

«እንዲህ እያንኮራፉ? በጣም ተስማምተዋላ!» አሉ ጮክ ብለው።

ኃላፊው ባንኖ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ኖሮ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ጉንጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ እሱ ግን አላወቀም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ! ተኝተው ነበር ካልሽ ወረቀትሽ አይታተምም። እስቲ ተናገሪ፣ ተኝቼ ነበር?»

«ኧረ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ጌታዬ! ያጸደቁትም ይኸው ጉንጭዎ ላይ ታትሟል። በሉ ጎንበስ ይበሉና ወረቀቴን ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሙልኝ፣ ልሂድበት።»

ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ጉንጩን ቢዳስስ ጣቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ወረቀቱን ነጥቆ አተመ። ስንዱ ብቻ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ወረፋ ይዘው ሳለ፣ አንድ ባለመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ። ስንዱ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ተኝተዋል። ከእኚህ አባት ኋላ ይሰለፉ» አለችው።