ፊት የሌለው ኮት

አንድ ወንዝ ነበረ። በበጋ ፍየል ሰኮናዋን ሳታርስ ትሻገረዋለች፤ ሰውም ይንቀዋል። የናቁት ነገር ደግሞ ቀን ይጠብቃል። በአንድ የነሐሴ ማለዳ ያ የተናቀ ወንዝ ተነስቶ በዳሩ ያለችውን ትንሽ ከተማ አጥለቀለቃት። ሰው አልገደለም፣ በሬም አልወሰደም። ከቤት ቤት እየገባ ሳጥንና ወረቀት ሲያርስ ውሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰው ስላልሞተ ሁሉም ተመስገን አለ። ምን እንደተወሰደባቸው ያወቁት በማግስቱ፣ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ነው።

በዚያች ከተማ ይታክቱ የምትባል አንዲት እናት ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ አንለይ ይባላል። ልጁ ለሥራ ቆላ ወርዶ በዚያው በወባ ሞተ። መርዶው መጣ፤ ሬሳው አልመጣም። ከሱ የቀራት አንድ ፎቶ ነው፣ ሊሄድ ሲል የተነሳው። ኮት ስላልነበረው የጎረቤት ኮት ተውሶ ነበር የተነሳው። በለቅሶው ቀን ያን ፎቶ በሬሳው ፋንታ አልጋ ላይ አስቀምጠው አለቀሱለት። ከዚያ ወዲህ በመስታወት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይታክቱ ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርህ" ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው በሯን የምትከፍተው። ሬሳውም መቃብሩም እሱ ነው። ሌላ የላትም።

ኮቱን ያዋሰችው ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር ጎረቤቷ ናት። ይቺ ሴት ንጹሕ ናት፤ ደጇ ላይ ገለባ አይገኝም። አፏም እንደ ደጇ ነው፤ የመጣላትን ሁሉ ጠርጋ ታወጣዋለች እንጂ አታሳድርም። እንግዳ ያን ፎቶ ባየ ቁጥር "ኮቱ የኛ ነው" ሳትል ያለፈችበት ቀን የለም። ሟቹን እንደምታለብስ ሁሉ።

እንግዲህ ውሃው ያን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ፣ መስታወቱን ሰብሮ፣ ጭቃ ውስጥ ጥሎት ሄደ።

በከተማዋ አለቃ ተድባብ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የተበጠሰ መጽሐፍ ሲሰፉ፣ ቆዳ ሲያለብሱ የኖሩ ናቸው። በጎርፉ ማግስት የራሰ ወረቀት ያለው ሁሉ ደጃቸው ተሰለፈ። የቤት ካርታ የያዘ አለ፣ የልጁን ሰርተፊኬት የያዘ አለ፣ የአባቱን ደብዳቤ የያዘ አለ። አንዱ ካርታውን በካውያ ተኩሶት ማኅተሙ ጨርቅ ላይ ቀርቶ መጣ። አንድ ቄስ ደግሞ የብራና ዳዊታቸውን እሳት ዳር አስቀምጠውት እንደ ቋንጣ ተኮማትሮባቸዋል።

"ምነው አባቴ፣ ዳዊት ይጠበሳል እንዴ?" አሏቸው አለቃ።

ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ፣ "አለቃ፣ የጋብቻ ወረቀቴ ራሰብኝ" አለ።

"ሚስትህስ?"

"እሷ ደኅና ናት።"

"እንግዲያው ወረቀቱ ተራውን ይጠብቅ።"

ሰው ሳቀ። ከጎርፉ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። አለቃ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ተናገሩ።

"ስሙኝ። የራሰ መጽሐፍ ቸኩላችሁ አትግለጡ፤ ገጹ ተጣብቋል፣ ይቀደዳል። ፀሐይ አታሳዩት፣ እሳት አታሙቁት። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት አቁሙት። በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ውሃ ካበላሸው ይልቅ ችኩል እጅ ያበላሸው ይበልጣል።"

የይታክቱ ተራ ደረሰ። ፎቶውን በሁለት መዳፏ እንደ ጫጩት ይዛው ነበር። አለቃ ጎንበስ ብለው አዩት፤ አልነኩትም።

"ይኸን እንዳትነኪው። ፎቶ ሲርስ መልኩ እንደ ወተት ስልባቦት ነው፤ ከላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ሳፋ ውስጥ ንጹሕ ውሃ አድርጊና ፊቱን ወደ ላይ አስተኚው። ጭቃው ራሱ ይለቃል። ነገ በጠዋት መጥቼ እኔ አወጣዋለሁ። እስከዚያ እጅሽን ሰብስቢ።"

"አለቃ፣ ጭቃው እኮ አፉ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። ማየቱ ይከብዳል። ቢሆንም አትንኪው።"

ሄደች። እንዳሏት አደረገች። ሳፋውን ፊቷ አስቀምጣ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ጭቃው ቀስ እያለ ከፎቶው ላይ መነሳት ጀመረ። እኩለ ቀን ሲሆን ግንባሩ ጠራ። ቅንድቡ ታየ። ይታክቱ ከዚያ ቦታ አልተነሳችም፤ ምጥ እንደምትጠብቅ ሴት ዝም ብላ ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሴቶች "እንኳን ነፍስሽ ተረፈች" ሊሏት መጡ። ሳፋውን አይተው ዝም አሉ። ያቺ ጎረቤቷ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

"ምንድን ነው ይሄ ይታክቱ? ልጅሽን እንደ ልብስ ዘፍዝፈሽ ቁጭ ትያለሽ?"

"አለቃ አትንኪው ብለውኛል።"

"አለቃ ወልደው ያውቃሉ?"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አለቃ ልጅ አልነበራቸውም።

"በሰው አገር አፈር መብላቱ አንሶት ነው፣ እናቱም ቤት አፈር አፉ ላይ የሚያድረው? እኔ ብሆን እህል አልቀምስም። ኧረ ሰው ምን ይላል?"

ሰው ምን ይላል። ይቺ ቃል ያፈረሰችውን ቤት ያ ወንዝ መቼም አያፈርሰውም።

ይታክቱ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። አንለይ ሕፃን ሳለ በሶ በልቶ አፉ ዳር ሲደርቅበት እንዲሁ ነበር የምትጠርግለት፤ የነጠላዋን ጫፍ አርሳ፣ አገጩን በሌላ እጇ ይዛ። እጇ ሥራውን አልረሳም። አፉን ጠረገች። ጭቃው ለቀቀ።

"ይኸው!" አለች ጎረቤቷ። "ይኸን ፈርተሽ ነው?"

ጉንጩን ጠረገች። ዓይኑን ጠረገች። ነጠላዋን ስታነሳ፣ ከኮቱ አንገትጌ በላይ ያለው ነጭ ወረቀት ነበር።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ገልብጣ አየችው። ጫፉ ላይ የልጅ መዳፍ የምታህል ቡናማ እድፍ ነበረች። የልጇ ፊት ያቺው ናት። ዓይንም አፍም የላትም።

አለቃ ተድባብ ለነገ ያሉትን ትተው ያንኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። ልባቸው ነግሯቸው ይመስለኛል፤ እየሮጡ ነበር፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሳፋው ላይ ጎንበስ አሉ።

"ማን ነው ጥረጊ ያለሽ?"

ጎረቤቷ በሩ ሥር ቆማለች። ይታክቱ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

"ማንም አላለኝ። የገዛ እጄ ነው።"

ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት በዚያች ሰዓት ቃል አጣች። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ለሌላው ሁሉ አፍ ነበራት፤ ለዚያች ለሁለቷ ጠፋባት።

"አለቃ፣ ይመልሱልኝ" አለች ይታክቱ። "የተቀደደ ሲጠግኑ አይቻለሁ። ዓይኑን ብቻ ቢሆንም።"

"ልጄ፣ የኔ ሥራ የቀረውን ማትረፍ ነው። የሄደውን የሚመልስ እጅ እኔ የለኝም።"

ፎቶውን ከውሃው አውጥተው ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኙት። ከጥላ ሳያወጡት አጠገቡ ተቀምጠው አደረቁት። የቀረው ምንም ሳይሆን ደረቀ፤ አንገትጌው፣ ሦስቱም ቁልፎች፣ ደረት ኪሱ ላይ የተሰካችው እስክሪብቶ። የኮቱ ክር እንኳ ሳይቀር ይቆጠራል። ይታክቱ መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት ግን እንደምን አደርህ ማለቷን ተወች። ኮት እንደምን አደርህ አይባልም።

ከሰነበተ በኋላ ጎረቤቷ መጥታ "ያን ነጠላ አምጪው፣ በእንዶድ አጥቤ ላምጣልሽ" አለቻት። ይቅርታ መጠየቋ ነበር፤ ሌላ መንገድ አታውቅበትም። ይታክቱ ነጠላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"ተይው እህቴ። ልጄ እሱ ላይ ነው ያለው።"

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። ስትሞት የተናዘዘችው አንድ ነገር ነው፤ ያ ነጠላ ሳይታጠብ፣ እድፉ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ፊቷ ላይ ይደረግልኝ አለች። እንዳለችው ሆነ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ገጥመው ተቀበሩ።

የገነዝኳት እኔ ነኝ። ኮቱም የኔው ባል ኮት ነበር። "እኔ ነኝ" ያልኩት ጆሮዋ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው፤ ለማን እንዳልኩትም አላውቅም።

ያነበባችሁ ስሙ። የራሰ ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ፎቶ፣ ሐዘን ያራሰው የሰው ልብም ይሁን፣ የሚፈልገው ጥላና ነፋስ፣ ከዚያም ጊዜ ነው። ጭቃውን ፈጥነን የምናሸው ለሱ ብለን አይደለም፤ እኛ ማየቱ ስለከበደን ነው። አጠገቡ ተቀምጦ እጅን መሰብሰብም መውደድ ነው፤ እንዲያውም ከባዱ እሱ ነው። ይታክቱ እሱን ችላው ነበር። እጇ እንደታዘዘው ተቀምጦ ነበር፤ ያስነሳው የሰው ምላስ ነው። አለቃ እጅሽን ሰብስቢ ሲሏት፣ ለኛም አፋችሁን ሰብስቡ የሚለን ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬም ፊት ነበረው።

እናንተስ? ዛሬ ጎረቤታችሁ ቤት ሳፋ ፊት ለፊት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አለ? ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ልትናገሩት የመጣችሁት ቃል የማንን ፊት ይጠርግ ይሆን?