እመት ጃርትና የድንቹ መደብ እንግዶች

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ፣ ሣሩም ቅጠሉም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ አንዲት እመት ጃርት የምትባል ባሏ የሞተባት ጃርት ነበረች። ባሏ ከወንዝ ማዶ ካለው የሰው ማሳ ድንች ሊሰርቅ ሄዶ በወጥመድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እመት ጃርት ሦስት ልጆቿን ሰብስባ፣ «የሰው ማሳ ከእንግዲህ አንረግጥም። የራሳችንን እናበቅላለን» አለች። ቤት ውስጥ የቀሩትን ያቆጠቆጡ ድንቾች አንድም ሳትቀምስ፣ ደጃፏን ቆፍራ ስድስት መደብ ተከለች።

እመት ጃርት ቆጣሪ ነበረች። ስድስቱ መደብ ልጆቿን እስከ በጋው መጨረሻ እንደሚያደርሳቸው አስልታለች። አምስት ከሆነ ግን አንዱ ልጅ ይራባል። የተራበ ልጅ ደግሞ ወንዝ ይሻገራል።

ዝናቡ ጣለ፤ ድንቹም በቀለ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቀጭን ለስላሳ ሣር ከመደቡ ዳር ብቅ አለ።

«ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።»

«ማን ልበል?»

«ሙጃ ነኝ፣ እመቤቴ። ከዳር ጥግ ካስጠጉኝ ይበቃኛል።»

በዚያ አገር የመሸበትን እንግዳ መመለስ ነውር ነው። መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። እመት ጃርትም «ቤት ለእንግዳ!» ብላ አስገባችው።

ድንቹ ከአፈር ሥር አጉረመረመ። «እመት ጃርት፣ ይሄ ሰውዬ ገና ሳይቀመጥ ውሃዬን ጠጣብኝ።»

«መንገደኛ ይጠማዋል፤ ታገሥ» አለችው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ። እንግጫ እባላለሁ። ለእንቁጣጣሽ ቤትዎን አስጌጥልዎታለሁ።»

«ቤት ለእንግዳ!»

ድንቹ «ምሳዬን በላችብኝ» አለ። እመት ጃርት «ታገሥ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን አንዱ በሆዱ እየተሳበ መጣ። «እመቤቴ፣ ሰርዶ ነኝ። እኔ እንኳን መቀመጫም አልፈልግ፤ እዚሁ መሬት ላይ ጋደም ብዬ አድራለሁ።»

«ቤት ለእንግዳ!»

ድንቹ «ከአልጋዬ ገፋኝ» አለ። እመት ጃርት «ታገሥ» አለችው።

እንግዶቹ አደሩ። ዋሉ። ሰነበቱ። ሙጃ ወንድሞቹን ጠራ። እንግጫ እህቶቿን ጠራች። ሰርዶ ማንንም አልጠራም፤ በምድር ሥር ለሥር እየሄደ በየመደቡ ብቅ አለ። ቀድሞ «እርስዎ» ይሏት የነበሩት ሁሉ አሁን «አንቺ» ማለት ጀመሩ።

እመት ጃርት ጨነቃትና፣ «እንግዶቼ፣ ቤተሰብ አይናፍቃችሁም?» አለች በዘዴ።

«ኧረ ቤተሰቡ ሁሉ እዚሁ ነው!» አለ ሙጃ። «ይልቅ ትንሽ ራቅ በይ፤ ፀሐዩን ከለልሽን።»

በዚያው ሰሞን የአንደኛው መደብ ቅጠል ቢጫ ሆነ። እመት ጃርት ቆጠረች፤ ስድስቱ አምስት ሊሆን ነው። ትንሹ ልጇም ቢጫውን ቅጠል አይቶ፣ «እማዬ፣ ወንዝ ማዶ እኮ የሰው ድንች አለ» አላት። እሾኋ ሁሉ ቆመ።

ተነሥታ በጥርሷ እንግዶቹን አንገት አንገታቸውን ትቆርጥ ጀመር። ስትቆርጥ ዋለች። በነጋታው ዝናብ ዘነበ፤ ሁሉም በርትተው በቀሉ። ሰርዶማ በሳቅ ሞተ።

«ብቻዬን ነበር የመጣሁት፤ ቆራርጠሽ ቤተሰብ አደረግሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ!»

እመት ጃርት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች። ደቦ እንዳትጠራ፣ ደቦኛ ይበላል፣ ይጠጣል። እሷ ደግሞ ለልጆቿም የላትም። እንዲህ ስታስብ አያ ጥንቸል በመንገዱ ሲያልፍ አየችው። ከመንገዱ ዳር ሙጃ ጨረፍ አድርጎ እያላመጠ ነበር።

«ቤቴ ባዶ ነው እላለሁ፤ ለካ ድግሱ ደጅ ላይ ተደርድሯል!» አለችና ተጣራች። «አያ ጥንቸል! ነገ ደቦ አለብኝ።»

«ድግሱ ምንድን ነው?»

«ሙጃ፣ እስክትጠግብ።»

«ድንቹስ ቢያምረኝ?»

«ቅጠሉን ቅመሰዋ።»

ቀመሰና ተፋው። «እሬት ነው እንዴ? ሙጃው ይሻለኛል።»

ቀጥላ እመት ጅግራን ጠራች፤ ጅግራ ከእንግጫ ሥር የሚገኘውን ፍሬ የመሰለ ነገር ስትወድ ለጉድ ነው። በነጋታው ሁለቱም መጡ። ጥንቸል ሙጃውን ከሥሩ እየነቀለ አላመጠ። ጅግራ እንግጫውን እየጫረች ለቀመች። የጃርት ልጆች «አይዟችሁ! በርቱ!» እያሉ ጨፈሩላቸው።

ይሄኔ ያልተጠራው አያ ፍልፈል ከመሬት አንገቱን አወጣ። «ሰርዶውን ለእኔ ተዪልኝ፣ እመት ጃርት። ከታች ገብቼ ሥሩን እጨርስልሻለሁ።»

«አያ ፍልፈል፣ ከታች ሌላ ምን አለ?»

«እ… ድንችም ሳይኖር አይቀርም።»

«እሱን ብለህ እንደመጣህማ አላጣሁትም» አለችና ጀርባዋን አዞረችለት። እሾኋን ሲያይ ፍልፈል በመጣበት ገባ።

ሰርዶ ለራሷ ቀረ። እመት ጃርት አልቸኮለችም። ዝናቡ እስኪያባራና ፀሐይ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ በጥፍሯ አፈሩን እያላላች፣ ሥሩን ሳትበጥስ እስከ ጫፉ እየተከተለች ጎተተችው። ከመደብ መደብ ተከተለችው። የተረፈች ቁራጭ እንኳ ሳታስቀር ለቀመችና ሁሉንም ከጋለ ድንጋይ ላይ ዘረጋችው።

«እንግዳ ይባረራል ወይ?» ብሎ አለቀሰ ሰርዶ።

«እንግዳ አድሮ ይሄዳል። አንተ ቤቴን ይዘህ ነው እንግዳ ነኝ የምትለኝ?»

«እንግዲያው ትንሽ አፈር እንኳ ጣል አድርጊብኝ!»

«እሷን አፈር ለድንቹ አስታቅፈዋለሁ» አለችው።

እንዳለችውም አደረገች። አፈሩን ለየድንቹ ግንድ አስታቀፈች። ሰርዶም ድንጋዩ ላይ ክው ብሎ ደረቀ።

የመቆፈሪያው ጊዜ ደረሰ። የአንደኛው መደብ ድንች የእንቁላል ያህል ብቻ ነበር፤ እሱን ለዘር አስቀመጠችው። የአምስቱ ግን ካሰላችው በላይ ጡጫ ጡጫ የሚያህል ወጣ፤ ቆጥራ ቆጥራ ደከማት። ለሦስት ልጅ ይበቃል፣ ይተርፋልም። በዚያ በጋ ከጃርት ልጆች አንድም ወንዝ አልተሻገረም።

ተረቴ እዚህ ላይ ያብቃ። እናንተ ግን ነገ ጠዋት ወደ ጓሯችሁ ብቅ በሉ። አረም ሁለት ቅጠል ሲያወጣ በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን አገር ምድሩን ደቦ ያስጠራል።