ሃያ ሦስተኛው ወረቀት

አንድ የአማርኛ መምህር ነበር፤ በአንዲት ቆላ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ያስተምራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ክፉ መስሏችሁ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እንዳትገላገሉ ነው።

መምህሩ ሥርዓተ ነጥብን በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ሰልችቶት ነበር። ልጆቹ የምልክቶቹን ስም እንደ ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል፤ ሲጽፉ ግን ከላይ እስከ ታች አንዲት አራት ነጥብ አያኖሩም። ቢቸግረው አንድ መላ ዘየደ። ከአባቱ የወረሰው የቆየ ልብ ወለድ ነበረው፤ ሽፋኑ የረገፈ፣ ስፌቱ የተፈታ። እሱን ለአርባ አንዱ ተማሪዎቹ አንዳንድ ወረቀት አድርጎ አከፋፈላቸው። እያንዳንዱ የደረሰውን ቤቱ ወስዶ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ ቆሞ ያነባል። ነጠላ ሰረዝ ላይ አንድ ትንፋሽ ያርፋል፣ ድርብ ሰረዝ ላይ ሁለት፣ አራት ነጥብ ላይ ሦስት። የቀሩት እያዳመጡ ምልክቱን በየደብተራቸው ያኖራሉ።

መላው ሠራ፣ ወገኖቼ። ሰባተኛ ክፍል ጸጥ ብሎ ሰው ሲያዳምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚህ አዳመጡ። ታሪኩ ያዛቸው። ባለታሪኩ ከወንዝ ማዶ እናቱ ስትጣራ ይሰማል፤ ወንዙ ግን ሞልቷል። ሃያ ሁለተኛው ወረቀት እዚያ ላይ አለቀ።

ሃያ ሦስተኛው የአያልነሽ ነበር። አያልነሽ ማክሰኞ አልመጣችም።

ክፍሉ ተንጫጫ። ረቡዕም ቀረች። ዘለው እንዳያልፉ ሰውየው ይስጠም ይሻገር አላወቁም፤ መምህሩም የአባቱ መጽሐፍ ነውና ወረቀቱ እንዳይጠፋበት ሰጋ። የክፍሉን አለቃ ደብሬን ጠራና፣ «አያልነሽ ቤት ሄደሽ ወረቀቱን አምጪልኝ» አላት።

ምን አላት? ወረቀቱን አምጪልኝ። ልብ አድርጉልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ደብሬ ወረቀቱን ይዛ መጣች። በፌስታል ተጠቅልሏል፤ እጥፋት እንኳ የለበትም። መምህሩ አገላብጦ አየውና ፊቱ ፈካ። ደብሬ ግን ወደ ቦታዋ አልሄደችም። አያልነሽን ያገኘቻት ተኝታ እንደሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ለብሳ እንደምትንቀጠቀጥ ልትነግረው ጀመረች። እሱም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል፣ «እሺ፣ ይማራት። በይ አንቺው አንብቢልን» አላት።

አነበበች። ባለታሪኩ ወንዙን ተሻገረ። ክፍሉ አጨበጨበ።

የአያልነሽ አባት ሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ወር ሆኖታል። እናቷ አራስ ናት፤ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ታቅፋለች። ቤታቸው ከሰፈር ተነጥሎ ወደ ቆላው ዝቅ ያለ ነው። የከተማው ጤና ጣቢያ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር አጥር ይዋሰናል። ያመማት ወባ ነበር፤ መድኃኒት ያለው በሽታ። አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ቢይዙ በአንድ ሰዓት ያደርሷት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጎረምሳ ሞልቶ ነበር። ክፉ ያሰበባት አንድም ሰው አልነበረም፤ እሷን ያሰበ ሰው ግን ጠፋ።

እሑድ ጠዋት አረፈች።

ሰኞ መምህሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናቲቱ ከሰው መሐል አየችውና አስጠራችው። የሰደበችው መስሏችሁ ይሆናል። ብትሰድበው በወደደ ነበር። በለቅሶ በተዘጋ ድምጽ፣ «መምህር፣ ወረቀቱ ደረሰዎት?» አለችው። «የመምህሬ አደራ ነው፣ የሦስት ዓመቱ ወንድሜ እንዳይቀድብኝ ብላ ትራሷ ሥር ነበር የምታኖረው። ትኩሳቱ ሲብስባት እንኳ፣ ደረሰው ይሆን እያለች ትጠይቀኝ ነበር።»

«ደርሶኛል» አለ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶች። ልጅቱ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አደራዋን ጠብቃ መለሰች። ለእሱስ የተሰጠው አደራ ምን ነበር? ወረቀት ነበር? ዛሬ መጽሐፉ ሙሉ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አንድ ወረቀት አልጎደለውም። ክፍሉ አርባ ነው። መምህሩ ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ፣ ከመዝገቡ ያልተሰረዘው ስሟ ላይ ሲደርስ ድምጹ ይቆማል፤ ልጆቹም አቀርቅረው ይጠብቁታል።

እንግዲህ በመምህሩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እናንተ ሰው ከመካከላችሁ ሲቀር ምን ብላችሁ ትልካላችሁ? የማኅበር ተራ የደረሰው ሰው ድምጹ ሲጠፋ፣ «ጽዋውን ላኩልን፣ ለሚቀጥለው እንስጥ» ብለን አናውቅም? በጉ ሲጠፋበት የታሰረበትን ገመድ ጠቅልሎ ቤቱ የገባን ሰው፣ እረኛ ትሉታላችሁ?

ባለፈው ዓመት ከመዘምራኖቻችን አንዲት ልጅ መቅረት ጀመረች። ስሟን አልጠራም፤ ታውቋታላችሁ፣ ከኋላው ረድፍ ከግራ በኩል ትቆም ነበር። በዓል ደረሰና ልብስ አነሰን። ልብሱን ትመልስ ብለን መልእክት ላክን። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በጎረቤት እጅ መጣልን። ለሌላ ልጅ ለካንላት፤ ልክክ አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን።

ያን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ልብሱን ተቀብዬ ያመሰገንሁትም እኔ ነኝ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ ልጅቱስ ምን ሆነች ብዬ አልጠየቅሁም። ለዚህ ስብከት ስዘጋጅ ነው ያስታወስኋት፤ ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ።

ዛሬ ምርቃቱን አሳጥረዋለሁ። እንደወጣን እሄዳለሁ፤ ምን እንደማገኝ አላውቅም፣ ፈርቻለሁም። ከመካከላችሁ ቤቷን የሚያውቅ አለ?