ቅቤ የተቀባው ሞተር

ኑ፣ ቀረብ በሉ! የኔ ተረት እግር የለውም፤ እናንተ ካልመጣችሁለት እሱ አይመጣም። መጣችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ድንበሩ የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ከቤቱ ኋላ ያለችውን ክፍል ወርክሾፕ አደረጋት። እዚያ ገብቶ ሦስት ወር ሙሉ ቆርቆሮ ቀጠቀጠ። ምን ሊሠራ? ሞተር! ቤንዚን የማይጠጣ፣ የማያጓራ፣ በኩራዝ ሙቀት ብቻ የሚዞር ትንሽ ሞተር።

የሚስቱ የእትዬ ዘርትሁን ትዕግሥት አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ዶሮዎቼ ብርድ ላይ እያደሩ አንተ ቆርቆሮ ታሞቃለህ? እሑድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይየው። ከዞረ ክፍሉ ያንተ ነው፤ ካልዞረ የዶሮዎቼ ነው» አለችው።

«ይዞራል!» አለ።

እውነትም ዓርብ ጧት ዞረ። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ የታሸገ ቆርቆሮ አለ፤ ከሥሩ ኩራዝ፣ ከላዩ ቀዝቃዛ ውሃ። ውስጡ ያለው አየር ከታች ሲሞቅ ያብጥና ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ከላይ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ይስበዋል። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ መዘውሩን ያዞራል። ይህ ፒስተን ከአሮጌ የሐኪም ቤት መርፌ የተወሰደ የመስታወት ዘንግ ነው፤ ደረቅ፣ ልሙጥ፣ ብዙ የማይናገር። ቸክ ቸክ ቸክ እያለ ዞረ። ያዩት ግን አያ ድንበሩና በር ላይ የቆመችው ትልቋ ዶሮ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን የሰው ነገር! ያልተጨበጨበለት ሥራ ሥራ አይመስለውም።

ቅዳሜ ጧት መዘውሩ አፉን ከፈተ። «አያ ድንበሩ፣ አንተን የሚያህል ባለሙያ የሠራው መዘውር ራቁቱን ሰው ፊት ይቀርባል?»

«አንተን የሚያህል ባለሙያ» ተብሎ ማን ያልፈዋል? አያ ድንበሩ አፉ ጆሮው ደረሰ። ሦስት የበግ ቃጭል አምጥቶ መዘውሩ ላይ አንጠለጠለ።

«ኧረ ተው አያ ድንበሩ፣ ይከብደኛል» አለ ፒስተኑ። ማን ሰምቶት!

ቀጥሎ ኩራዙ ተነሣ። «አያ ድንበሩ፣ አንተ አዋቂ ነህ፣ ፍረድ። ይህን ሁሉ የማዞረው እኔ አይደለሁም? ያ ውሃ ከላይ ተጎልቶ ምን ይሠራል? ድፋውና ፈትሌን ከፍ አድርግልኝ፤ ከዚያ ጉድ ታያለህ።»

ውሃው ለራሱ መከራከር እንኳ አያውቅበትም። «እኔ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው ሥራዬ» አለ። እንዲህ የሚል ሞኝ የት ይረታል? ተደፋ።

«ኧረ ተው አያ ድንበሩ፣ ላይና ታቹ ከሞቀ ማን ይመልሰኛል?» አለ ፒስተኑ። ማን ሰምቶት!

በመጨረሻ መደርደሪያ ላይ የነበረው ቅቤ ከማሰሮው ውስጥ ድምፁን አሰማ። «እንዳንተ ያለ የጨዋ ልጅ ወግ ይረሳል? ሙሽራ ሳትቀባ ከቤት ትወጣለች? ነገ የሚከበር ነገር ካለህ ቅቤ አስነካው እንጂ!»

እውነት ነው፣ የተከበረ ይቀባል። ግን የሚቀባው ጠጉር ያለው ነው። አያ ድንበሩ ይህን ማሰብ አቅቶት ቅቤውን ዝቆ ፒስተኑን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው። ፒስተኑ በዚህኛው ጊዜ ምንም አላለም። አፉ ተደፍኗል።

እሑድ ደረሰ። ጎረቤት አግዳሚው ላይ ተደረደረ። አያ ድንበሩ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ኩራዙን ለኮሰ። ጠበቁ። ምንም የለም። መዘውሩን በጣቱ ገፋው፤ ቅጭል! አለና ቆመ። ደግሞ ገፋው፤ ቅጭል! አለና ቆመ። ሦስተኛ ሲገፋው ቅቤው ቀልጦ በጋለው ቆርቆሮ ላይ ፈሰሰና ቸስ አለ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

ጎረቤቱ ባሻ ላቀው አፍንጫቸውን ያዝ አደረጉ። «ድንበሩ፣ ለዚህ ነው የጠራኸን? ቅቤ ማንጠርማ በየቤታችን አለ።»

ሳቁ ጣራ ነካ። አማካሪዎቹስ? መዘውሩ «ኩራዙ ነው» አለ፤ ኩራዙ «ቅቤው ነው» አለ፤ ቅቤው ጭስ ሆኖ ሄዷል። እትዬ ዘርትሁን የክፍሉን በር ከፍታ ዶሮዎቿን «ግቡ» አለቻቸው።

ሰኞ ጧት አያ ድንበሩ ዕቃውን ሊያወጣ ገባ። ቃጭሉን ፈታ፤ ፒስተኑን በደረቅ ጨርቅ ወለወለው፤ ቆርቆሮው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረና ኩራዙን ለኮሰ። ቸክ ቸክ ቸክ! ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ዘርትሁን! ነይ እይ፣ ዞረ!»

«እሑድ ትናንት ነበር» አለች ከጓዳ።

ትልቋ ዶሮ ከቆጧ ላይ ቁልቁል አየችው። «እንደ ዓርቡ ሆነ አይደል?»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ! መዘውሩን ቃጭል ጠይቅ ያልኩት እኔ፣ ኩራዙን ውሃውን አስደፋ ያልኩት እኔ፣ ቅቤውን የመከርኩት እኔ። መጀመሪያ አሞግሱት አልኳቸው፤ ሌላውን አንተው ጨረስከው።»

አያ ድንበሩ በንዴት ወደ ፒስተኑ ዞረ። «አንተስ ምነው ጮክ ብለህ ብትናገር?»

«ሁለቴ ተናገርኩ። ሦስተኛውን ቀባኸኝ» አለ ፒስተኑ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ሲያሞግሳችሁ ልባችሁ ከማበጡ በፊት ክፍላችሁን የሚፈልገው ማን እንደሆነ እዩ። እኔ ጨርሻለሁ። «ግሩም ተረት ነው» እንዳትሉኝ ብቻ፤ ወንበሬን ያያችሁበት ዓይን አላማረኝም።