በግማሽ የቀረው ንግግር

«አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ» አሉ ሽማግሌው አቶ ቦጋለ። መንደራቸው ለወርቅ ማውጫ ሊነሣ ነው፤ የተነሺዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽመልስ «ነገ ስብሰባ አለን፤ ተቃዋሚዎቹን ባንጠራቸውስ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

የነጋዴውም ከተማ እንዲሁ ለወርቅ ማውጫ እንድትነሣ ተነገራት፤ በሚያዝያ ወር ነው። ስድስት መቶ አባወራ ነበራት። ነጋዴው ሀብታምም ተሰሚም ስለነበረ የኮሚቴው ሰብሳቢ አደረጉት። እሱን እንቅልፍ የነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይለያይ፣ ዕድሩ እንዳይበተን። ወርቅ አውጪው ኩባንያ ለመስፈሪያ ካሳያቸው ቦታዎች ሁሉንም ባንድ ላይ የሚይዘውን ሰፊ ሜዳ መረጠ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነበር።

ሕዝቡ ለመወሰን በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሸክላ ሠሪ ተነሣች።

«ጭቃዬን የማወጣው ከዚያ ሜዳ ነው» አለች። «አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤት የምትሠሩበት ከሆነ...»

ነጋዴው ፈራ። ይቺ ሴት አንዱን ካሳመነች፣ አንዱ ኮረብታው ይሻለኛል፣ ሌላው ወንዙ ማዶ ይሻለኛል ይላል፤ ከተማዋም ያልቅላታል ብሎ አሰበ።

«እትዬ፣ የድስት ነገር ሲነሣ እንጠራሻለን» አላት።

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እጅ ተቆጠረ፤ የተቃወመ አልነበረም።

ቤቶቹ ተሠሩ። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በሦስተኛው በሮች አልዘጋ አሉ። ሰው ዕቃውን እየጫነ ወደየዘመዱ ሄደ። የቀሩት የኩባንያውን መንገድ በድንጋይ ዘጉ፤ መኪና ተሰበረ፣ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡና ሁለቱን ወገኖች አገናኙ።

«የአፈሩን ነገር እያወቃችሁ ደበቃችሁን» አለ ነጋዴው።

የኩባንያው ተወካይ የኩባንያው ጸሐፊ በስብሰባው ቀን የያዘውን ቃለ ጉባኤ አውጥቶ አነበበ፦ «አንዲት ሴት ስለ አፈሩ ሐሳብ አነሣች። በሰብሳቢው ታለፈ።» ከሥሩ የነጋዴው ፊርማ አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ተወካዩ ዞሮ «እናንተስ? ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ሄዳችሁ አፈሩን አያችሁት?» አለው። ተወካዩ ወረቀቱን አጠፈ።

ነጋዴው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሸክላ ሠሪዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። የጀመረችውንም ንግግር እንድትጨርስ ለመናት።

«ቤቱ ጨረሰልኝ እኮ» አለች። ቢሆንም ተናገረች።

አቶ ቦጋለ እዚህ ላይ ሽመልስን አዩት።

«አንተም የያዘህ ፍርሃት የነጋዴው ፍርሃት ነው። እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ከከፈቱ ሕዝቡ ይከፋፈልብኛል ብለሃል። ሰዎቹን ጥራቸው። ከጠራሃቸውም እስኪጨርሱ ስማቸው። ያቺ ሴት ያን ቀን የተነሣችው ሜዳውን ተዉት ልትል አልነበረም። ‹ዋልካው ጥልቀቱ እስከ ወገብ ነው፤ ከሥሩ ጠጠር አለ። መሠረቱን እስከ ጠጠሩ ቆፍሩና ሁላችንም እዚያው እንግባ› ልትል ነበር።»