በበሩ ላይ ያለችው አንድ ጥንድ ጫማ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆችና ዐይነ ስውር አባት ይዛ በኪራይ ቤት የምትንከራተት ሴት። ዘርትሁን ትባላለች።

ከምንም በላይ የምትፈራው ምን ነበር መሰላችሁ? ሌባ? ምን አላትና ሌባ ይመጣባታል! አንዲት ጥያቄ ነበረች የምትፈራት። ቤት ፍለጋ የግቢ በር ባንኳኳች ቁጥር የምትጠየቃት። «ስንት ናችሁ?»

አሥራ አንድ በር ላይ እውነቱን ተናገረች። «ስድስት ነን።» አሥራ አንዱም በር ተዘጋባት። «ልጅ ውሃ ይጨርሳል» አሏት። «ዐይነ ስውር ሽማግሌ ግቢያችን ውስጥ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?» አሏት። አሥራ ሁለተኛው በር ላይ፣ ጋሽ ይርጉ የሚባሉ አከራይ ዘንድ፣ «እኔና አንድ ልጅ ነን» አለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ!

የቀሩትንስ? አንድ በአንድ፣ ጋሽ ይርጉ ዘወር ባሉ ቁጥር አስገባቻቸው። ድምፅ ሳያወጡ መሳቅ አስተማረቻቸው። የአራት ዓመቷ ውብዓለም ማስነጠሷን ሳምንቱን ሙሉ አቆይታ፣ ጋሽ ይርጉ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነበር አሉ የምታስነጥሰው! አከራይ የበር ላይ ጫማ ይቆጥራልና፣ በሩ ላይ የምትቀመጠው የልጅ ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ነበረች። አራቱም በየተራ እሷኑ አድርገው ይወጣሉ። ጋሽ ይርጉም ዐይናቸው ደከም ያለ ነውና፣ «ይሄ ልጅ አንዳንድ ቀን ይረዝማል፣ አንዳንድ ቀን ያጥራል፤ ምን ታበዪዋለሽ?» እያሉ ይገረማሉ።

አንድ ጥብቅ ሕግም ነበራቸው። «ሰው ካለ፣ እኔ እናታችሁ ብጠራችሁም እንዳትወጡ! የድስት ክዳን ሦስት ጊዜ ስመታ ብቻ።»

ታዲያ አንድ ቀን በሕዝብ ገንዘብ ለተሠሩ ዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ምዝገባ ተከፈተ። ቅጹ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? «የቤተሰብ ብዛት።» ያቺው ጥያቄ! የተዘጉባት አሥራ አንድ በሮች ትዝ አሏት። «ሁለት» ብላ ሞላች፤ ፈረመች።

በሳምንቱ መዝጋቢዋ ሰርካለም ኑሮዋን ለማየት መጣች። ጋሽ ይርጉም «ግቢዬ ውስጥ ምን ተገኘ?» ብለው ተከትለው በሩ ላይ ቆሙ። ትልቁ ልጅ ወንበር ላይ፣ ሦስቱ አልጋ ሥር፣ አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው።

«እኅቴ፣ ሁለት ከሆናችሁ ተራሽ ሩቅ ነው» አለች ሰርካለም። «ቤቱ የሕዝብ ነው። ልጅ በዛ፣ ዐይን ጠፋ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ዘሩ ሌላ ነው ተብሎ ማንም አይከለከልም። እንዲያውም ቤተሰብ የበዛበት ይቀድማል። አካል ጉዳተኛ ያለበት ደግሞ ግራውንድ፣ ደረጃ የማያስወጣው ወለል ላይ ይሰጠዋል።»

ዘርትሁን ዝም ብትል ያ ቤት አመለጣት። ብትናገር ደግሞ ጋሽ ይርጉ በሩ ላይ ናቸው፤ ያለችበትንም አጣች።

«ስድስት ነን» አለች።

«ባለፈው ሁለት፣ ዛሬ ስድስት? ቅድሚያ አለ ሲባል አሁን ወለድሻቸው?» አለች ሰርካለም።

ጋሽ ይርጉ ከት ብለው ሳቁ። «ሰባት ወር ሙሉ አብሬያት ኖሬ! ሁለት ናቸው፤ እኔ ምስክር!»

«ልጆች፣ ውጡ!» ብላ ተጣራች ዘርትሁን። ጸጥ። «አባዬ!» ጸጥ። መጋረጃው እንኳ አልተነቃነቀም። ትልቁ ልጅ እንኳ መሬት መሬት ያያል። ታዛዦች ናቸዋ! ራሷ አይደለች ያስተማረቻቸው?

ሰርካለም እስክሪብቶዋን አወጣች። ስሟን ልትሰርዝ ነው።

ዘርትሁን የድስቱን ክዳን አነሳች። ጋሽ ይርጉን አየቻቸው። ከዚህ በኋላ መደበቂያ የለም። ቋ! ቋ! ቋ!

መጋረጃው ተገለጠ፤ ሽማግሌው በዳበሳ ወጡ። ከአልጋ ሥር ሁለት አቧራ የለበሱ ራሶች ብቅ አሉ።

«ያ… ያ የሚረዝመውና የሚያጥረው ልጅ!» አሉ ጋሽ ይርጉ። ሳቃቸው ደረቀ። «ወሩ ሳያልቅ ግቢዬን ልቀቂ!»

ሰርካለም «ሁለት» የሚለውን ሰርዛ «አምስት» ጻፈች።

«ስድስት» አለች ዘርትሁን፤ ተንበርክካ አልጋው ሥር አየች። «ውብዬ፣ ነይ እናቴ። ክዳኑን መታሁት እኮ።»

ከጨለማው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ጋሽ ይርጉ ሄዱ?»

ወገኖቼ፣ ቤት የሚያገኙ ሰዎች ዝርዝር ገና አልተለጠፈም። ዘርትሁን ዛሬም በየማለዳው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆማለች፤ ወሩም እያለቀ ነው። ታገኛለች? አታገኝም? እኔም አብሬያት ተጨንቄያለሁ።

ግን ልጠይቃችሁ። እናቷ ስትጠራት የማትወጣ ልጅ ማን አሳደጋት? የአገሩ ሕግ ነው? ሕጉማ ኑ፣ ሁላችሁም ተቆጠሩ ብሏል! «ስንት ናችሁ?» ብለን በር ላይ የቆምነው እኛ አይደለንም? «የማን ዘር ናችሁ? ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?» ያልነው እኛ አይደለንም? ጋሽ ይርጉ በየእሑዱ የት ነበር የሚሄዱት? እዚህ፣ እናንተ መሃል አይደለም?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የተከራያችሁን በር እዩት። አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ ካለ አትቁጠሩ። አንኳኩ። ድምፅ ከጠፋ ግን ቤቱ ባዶ ነው ብላችሁ አትመለሱ፤ አልጋ ሥር ትንፋሿን ይዛ የእናንተን መሄድ የምትጠብቅ ልጅ አለች።